የአልማዜ ክርስትና

ቀራንዮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ ለፈቀደ፤

እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጨርቅ ነጋዴው ሰይፈዲን ደብዳቤህን ከጥቅሉ መሃል መዝዞ ሲሰጠኝ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ከየካቲቱ ፍጅት ወዲህ ሞቷል ብዬ ስንቴ አልቅሼልህ ነበር መሰለህ! ያንን ሁሉ እንባዬን መልስልኝ።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስልህ። አዎ፣ ልጅህ አልማዜ በሕይወት አለች፤ እኔ ዘንድ ናት። እሙን ያስቀበርኳት እኔው ነኝ። ሚስትህ ብትሆንም ለእኔም እህቴ ነበረች፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ነገር በወረቀት ጻፊልኝ አትበለኝ። ስትመጣ መቃብሯን አሳይሃለሁ። ሰፈራችን ሲቃጠል ልጅቷን በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው ወደ ቀራንዮ ያወጣኋት። አሁን ጉንጯ ሞልቷል፣ ቁጣዋ ግን ያንተው ነው።

«መድኃኔ ዓለም ደጅ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለሃል። እማሆይ ወለተጻድቅን ታስታውሳቸዋለህ፤ የአባቴ አክስት፣ ልጆች ሳለን በመቋሚያቸው ያባርሩን የነበሩት። ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ድሮ የእህል ማስቀመጫ የነበረ ቤት አለ። ለጠበል ይዘዋቸው የመጡ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው፣ ከየካቲቱ ወዲህም ሰው ያጡ ሕፃናት እዚያ ውስጥ ተኝተዋል። ዓይኑን የታመመ፣ እከክ የወረሰው፣ ንዳድ የያዘው፣ ሆዱ ያበጠ፣ የሌለ የለም። እማሆይ ጠበል ያጠጧቸዋል። እኔ እንዶድ ወቅጬ ጨርቃቸውን አጥባለሁ፣ አጥሚት አፈላለሁ። ቦሩ የሚባል ጎረቤት አለን፤ በየጠዋቱ ከላሞቹ ወተት ያመጣልናል፣ ካመሰገንከው ይቆጣል።

ታዲያ ለጽድቅ ብላ ነው ብለህ እንዳትሳሳት። ለልጅህ መጠለያ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ማደሪያ ያገኘሁት አጥባለሁ ብዬ ነው፤ አጥባለሁ። በቃ።

«ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ለእኔም ጸልዪልኝ» ላልከው ሌላ ሰው ፈልግ። ባሌ ማይጨው ቀረ፤ እሱንስ ጦርነት ነው ብዬ ቻልኩት። ልጄን ግን ትክትክ ሲያስጨንቃት ስንት ስለት ተሳልኩ፣ ስንት ጠበል አጠጣሁ! እሷን ከቀበርኩ ወዲህ ያንን አጥር አልፌ አላውቅም። እማሆይ «ደጁ ላይ እየኖረ ከባለቤቱ ጋር የተኳረፈ ሰው አንቺን አየሁ» ይሉኛል። «ባለቤቱ ይምጣና ያናግረኛ!» እላቸዋለሁ። እሳቸው ያማትባሉ፣ እኔ ጨርቄን አጥባለሁ።

ኪኒን ከተገኘ ላክልን። ሳሙናም።

ሰብሌ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለቁጡዋ ሰብሌ፤

ደብዳቤሽን ባቡር ሥር ተጋድሜ ነው ያነበብኩት። ዘይት ጠብ ጠብ ስላለበት አሁን እኔ እኔ ይሸታል። ስለ እሙ የጻፍሽው ቦታ ላይ ስደርስ ብሎን የምፈታ መስዬ ብዙ ቆየሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አፈር ያለበሰቻት የምታውቃት እጅ ናት። እንዴት እንዳመለጥኩና እዚህ እንዴት እንደደረስኩ እንዳንቺው በወረቀት አልጽፈውም። የባቡር መጠገኛው ውስጥ ሥራ አለኝ፣ ጣሊያኑ አለቃችን፣ ካፖው፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት ክልክል ነው ይላል፤ ይኸው ነው።

ኪኒኑንና ሳሙናውን ሰይፈዲን ይዞልሻል። አቡጀዲም አለበት፤ ለሕፃናቱ ቅደጂው። ከሥሩ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን አትቅደጂው።

አሁን ስለ አልማዜ ክርስትና። ሰማንያ ቀኗ እንዳለፈ አውቃለሁ፤ ያንን ቀን የት ሆኜ እንዳሳለፍኩት እግዜር ያውቃል። ግን አደራሽን፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሺ። እሙ ሆዷ ገፍቶ ሳለ «ለክርስትናዋ ጠላውን ራሴ እጠምቃለሁ፣ አንተ በግ ትጎትታለህ፣ ሰፈሩን ሁሉ እንጠራለን» ትል ነበር። የእሙን ልጅ በችኮላ፣ ያለ እልልታ አላስጠምቃትም። ክርስትና እናቷም ተመርጣለች፤ ለእሙ እንደ እናት የነበሩት ወይዘሮ ሸዋገነት። አሁን እዚህ ድሬዳዋ ሱቅ ከፍተዋል፣ አብረን እንመጣለን። የደብሩ ቄስ አባ ገብረአምላክ ቢቆጡም ጠብቂኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰው ሲጽፍ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። ካንቺ ደብዳቤ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ለወጉ እንኳ ጣል ብታደርጊው ምን ነበረበት?

ፈቀደ


ቀራንዮ፣ መጋቢት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

ደህና ነኝ። ለወጉ ብዬ የምጽፈው ነገር የለኝም፤ ብጽፈው አንተን እንጂ እሱን አላታልለውም።

የእሙን ሙት ዓመት እንደ አቅማችን አወጣን። ንፍሮ ቀቅለን ሕፃናቱን አበላን፤ ከድግስ የሚሻል ተዝካር ነው አሉ እማሆይ። አልማዜ ቆማ ትሄዳለች። ጥርሷም በቅሎ እኔን ነክሳ ሞከረችው። ያየችውን ሕፃን ሁሉ ፊቱን በጨርቅ ካልጠረግሁ እያለች ታስለቅሰዋለች። ከእኔ የተማረችው ነው መሰለኝ፣ ጨርቅ ሳልይዝ አይታኝ አታውቅም።

ስለ ሕፃናቱም ልንገርህ። በላክልን ኪኒን ንዳድ የያዛቸው ተነስተዋል፤ የአንተን ስም በጸሎት ያነሳሉ፣ እማሆይ አስተምረዋቸው። አንድ ልጅ ግን ሞተብን። መንገድ ላይ ወድቆ ቦሩ ተሸክሞ ያመጣው ነበር። አፉን ገና አልፈታም ነበር፤ ስሙን እንኳ ሳናውቀው ቀረን። እቅፌ ላይ ነው ያለፈው። እማሆይ ላይ ጮህኩባቸው። «ለምን? ይኼ ምን አጠፋ? ይንገሩኝ!» አልኳቸው። «አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «አላውቅም። ድስቱ ሊያር ነው፣ ተነሽና አማስይው።» ሌላ ነገር ቢሉኝ ኖሮ ያንለት ጥዬ እሄድ ነበር። አላውቅም ስላሉኝ ተነስቼ አማሰልኩ።

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ውኃ ልቀዳ ወርጄ ተገኘሁ። ማንም አላዘዘኝም። ትዝ ይልሃል፣ ለማደሪያ ብዬ ነው ብዬህ ነበር። አሁን ኮልፌ ውስጥ ቤት ስጡኝ ብል የሚሰጡኝ አሉ። አልሄድም። ለምን እንደማልሄድ እንዳትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቅም። አንዱ ዓይኑን ገልጦ በጠዋት ሲያየኝ ሆዴ ይባባል፤ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው።

ክርስትናውን እንዳልከው እየጠበቅን ነው። አባ ገብረአምላክ ባገኙኝ ቁጥር ይነዘንዙኛል። ያ ድግስህ ከመድኃኔ ዓለም ይበልጣል ወይ ይላሉ፤ ቶሎ ና።

ከአቡጀዲው ሥር ያገኘሁት ቀይ ሻሽ የማን ነው? ለእማሆይ ነው እንዳልል መነኩሴ ናቸው። ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ እኔ አስሬዋለሁ።

ሰብሌ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለሰብሌ፤

ይህንን ደብዳቤ ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች «ለጃንሆይ ነው የምትጽፈው?» ብለው ሳቁብኝ።

ሻሹ የማን ነው ብለሻል። የማን ሊሆን ነው እንግዲህ? እንኳን አሰርሽው።

እኔ ንግግር አላውቅም። ባቡር ሲታመም ድምፁን ሰምቼ የቱ ጋ እንደሆነ እናገራለሁ፣ የራሴን ነገር ግን መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ዝም ብዬ ልጻፈው፤ ብንጋባስ? እሙን አልረሳኋትም፣ አንቺም ባልሽን እርሺ አልልሽም። ነገር ግን እሙ ተነስታ «ልጄን ለማን ሰጠሃት?» ብትለኝ ካንቺ ሌላ የምጠራላት ስም የለኝም። ለልጄ ብቻም አይደለም፤ ይህን እንዳታስቢ። ደብዳቤሽ የሚመጣበት ሳምንት ሌላ ሰው ነኝ። ቁጣሽ ናፍቆኛል። እኔ ልሙት፣ ስድብሽ ሁሉ ናፍቆኛል።

ሕፃናቱን ተይ አልልሽም። እንዲያውም የቤቱን ጣሪያ እኔ እሠራልሻለሁ። ካፖው ክረምቱ ሲያልቅ የይለፍ ወረቀት እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቷል። ያኔ የአልማዜን ክርስትና እናስነሳለን፣ ከዚያ አባ ገብረአምላክ እኛንም በቁርባን ያጋቡናል። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ጫካ ገብቷል። ሰይፈዲንን ሽማግሌ አድርጌ ልኬልሻለሁ፤ ምን ይዞ እንደመጣ ግን እሱ አያውቅም።

መልስሽ እስኪደርሰኝ ከአዲስ አበባ ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያው ላይ እቆማለሁ።

ፈቀደ


ቀራንዮ፣ ግንቦት 6 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን! ተርፋለች! አልማዜ ተርፋለች! እንዳትደነግጥ ብዬ ከመጨረሻው ጀመርኩልህ። ሰይፈዲን ስለዘገየ ይህንን በሌላ መንገደኛ እጅ ነው የምልከው፤ እሱን ልጠብቅ ብል ልቤ አልቻለም።

ኩፍኝ ቤታችን ገብቶ ነበር። አንዱን ሳይምር ሁሉንም አዳረሰ። የሌሎቹ ወጣላቸው፤ የአልማዜ ግን ወደ ሳምባዋ ወረደ። ወተት እንቢ፣ ውኃ እንቢ አለች። ትንፋሿ እየቆየ፣ እየቆየ መጣ። አባ ገብረአምላክ በማለዳ መጥተው አዩዋትና ፊታቸው ተለወጠ። «ይህች ልጅ ሳትጠመቅ ብትሞት ምን ልትመልሺ ነው? በግ እየጠበቅን ነበር ልትይ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ፈቀደ፣ አንተን መጠበቅ አልቻልኩም። ይቅር በለኝ።

«ክርስትና እናት አምጪ» አሉ። ወይዘሮ ሸዋገነት ድሬዳዋ ናቸው። እማሆይ ራሳቸው በንዳድ ወድቀዋል። ሌላ ሴት አልነበረም፤ ቢኖርም ፈልጎ ለመጥራት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ እኔ አነሳኋት። አዎ፣ እኔ! ያቺ የተኳረፈችው! አጥሩን አልፌ፣ ክርስትና ቤት ገብቼ። የክርስትና ስሟ ወለተ መድኅን ተባለ። ሰማያዊ ማተብ አንገቷ ላይ አስሬላታለሁ፤ ያምርባታል።

ከዚያ እንደወጣን አሳላት፣ አስመለሳት፣ ሲመሽ ደግሞ የቦሩን ወተት በማንኪያ ወሰደች። ዛሬ ሻሼን ትጎትታለች። ጠላም በግም የለም፤ የተቆላ ገብስ ነው የደገስነው። ቦሩ ግን እልልታውን ያቀለጠው ለብቻው ነው፤ ወንድ እልል አይልም ብንለው ማን ይስማን!

እንግዲህ ዘመድ ሆነናል፤ አበልጄ ነህ። ከእንግዲህ ብትቆጣኝ ካህን ነው የሚዳኘን።

እግዚአብሔር ይመስገን። ይኸው ጻፍኩልህ፤ ለወጉ አይደለም።

ሰብሌ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ሰብሌ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልጄ በመትረፏ መሬት ስሜ አመሰገንኩ። ቀጥዬ ከታች ያለውን አነበብኩና ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ እጄ አብጧል።

የእኔ ደብዳቤ ወደ ላይ ሲወጣ የአንቺ ወደ ታች ሲወርድ አዋሽ ላይ ተላልፈዋል ማለት ነው። የእኔን እስካሁን አንብበሽዋል። ዝም ያልሽውም ለዚህ እንደሆነ ገብቶኛል። የልጄን ክርስትና ያነሳች ሴት ለእኔ እህት ናት። ካህን አያጋባንም፤ ደፍረን ብንጋባም ነውር ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

አሁን ግን ሳትቆጪ ስሚኝ። ማን አየ? አባ ገብረአምላክ ወደ ገዳም ሊሄዱ ነው ብሎኛል ሰይፈዲን። እማሆይ ታመው ነበር። ቦሩ ሥርዓቱን አያውቅም። ወይዘሮ ሸዋገነትን አማክሬያቸዋለሁ፤ «ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፣ ሰብሌ በእኔ ምትክ ይዛልኝ ነው» ሊሉ ፈቅደዋል። ድሮም የታሰቡት እሳቸው ናቸው። አንቺ ምንም መናገር የለብሽም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ለማንም ጉዳት የለውም፣ ልጅቷም እናት ታገኛለች።

የጻፍሽውን ቃል ወረቀቱ ላይ ሰርዤዋለሁ። አበልጅሽ አይደለሁም።

ፈቀደ


ቀራንዮ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

አስቀድመህ እጅህን በሞቀ የጨው ውኃ ዘፍዝፈው። ግድግዳው ምን በደለህ?

ደብዳቤህን፣ ሁለቱንም፣ እየደጋገምኩ አንብቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ለምን ይህን ያህል ቆንጆ ሆነ? ንግግር አላውቅም ትላለህ ደግሞ! የሁለተኛውንም በክፉ አላየሁብህም። ዝም በይ ነው ያልከኝ፣ ዝም ማለት ቀላል ይመስላል። እኔም ሞክሬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል እያልኩ ስንት ቀን ጨርቅ አጥቤያለሁ። ግን አልሆነልኝም፤ ለምን እንዳልሆነልኝ የዚያን ጠዋት ነገር ልንገርህና ትረዳዋለህ።

ልጅቷን ታቅፌ ስገባ አባ ገብረአምላክ «ቤተ ክርስቲያን ከረገጥሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሉኝ። «ይኸው ረገጥኩ አይደል?» አልኳቸው። ክርስትና እናት በሕፃኗ ፋንታ እንደምትናገር ታውቃለህ። «ወደ ምዕራብ ዙሪና ሰይጣንን ካጂ» አሉኝ። ካድኩት፤ እሱ ምን ያስቸግራል፣ በየካቲት በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ወደ ምሥራቅ ዙሪና አምናለሁ በይ» አሉኝ። እዚህ ጋ ምላሴ ታሰረ። የልጄ መቃብር በዚያው በኩል ነው። አባ ቆመው ጠበቁኝ። አልማዜ ደረቴ ላይ ታቃስታለች። ለራሴ ቢሆን አልለውም ነበር፤ ቢያስምሉኝም አልለውም። እሷ ግን አፍ የላትም፣ የምትናገረው በእኔ አፍ ነው። እንዴት ልከልክላት? «አምናለሁ» አልኩ። ለእሷ ብዬ የጀመርኩት መሃሉ ላይ የእኔ ሆነ። ጸሎተ ሃይማኖቱን ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ለቀበርኳት ልጄ፣ ስሙን ሳናውቀው ለሄደው ልጅ፣ ለእሙም። «ቀጥይ» አሉኝ አባ፤ እሳቸውም ያለቅሱ ነበር።

አሁን ያንን አላልኩም በይ ነው የምትለኝ። ወይዘሮ ሸዋገነት ቃሌን ሊወስዱልኝ ነው። ፈቀደ፣ ከልጄ ሞት ወዲህ ከልቤ ያልኩት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ያንን ይዤ ነው የምነሳው። የእነዚህን ሕፃናት ቁስል ሳጥብ ድሮ እጄ ነበር የሚያጥበው፤ አሁን ሁለመናዬ ነው። ያንን ክጄ ብመጣ ምኔን ልታገባ ነው?

«ስታነሺያት እኔን አላሰብሽም ወይ?» ብለህ በልብህ እንደጠየቅክ አውቃለሁ። አስቤሃለሁ። ደጃፉ ላይ ትዝ ብለኸኛል። ደብዳቤህ ባይደርሰኝም ሞኝ አይደለሁም፣ ሻሽ ያለ ነገር አይላክም። ግን ልጅቷ ትንፋሽ አልነበራትም።

አባ ገብረአምላክ ይሂዱ ይቅሩ፣ እማሆይ ይወቁ አይወቁ፣ እኔ ነበርኩ። አይሆንም፣ ወንድሜ።

ሰብሌ


ድሬዳዋ፣ መስከረም 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሰብሌ፤

የይለፍ ወረቀት አግኝቻለሁ። ለመስቀል እደርሳለሁ። ልጄን ወደ ድሬዳዋ ልወስዳት ነው፤ ወይዘሮ ሸዋገነት ያሳድጓታል። እስካሁን ስላደረግሽላት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልብሷን አዘጋጂልኝ።

ፈቀደ


ቀራንዮ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

በሰላም ገባችሁ? አልማዜስ ሙቀቱን እንዴት ቻለችው? «ወይዘሮ ሰብሌ» ብለህ የጻፍክልኝን ይቅር ብዬሃለሁ። እዚህም መጥተህ አንድ ቃል ሳትናገረኝ መሄድህን ይቅር ብዬሃለሁ። አባት ነህ፤ ክርስትና እናት ልጁን ከአባቱ አትነጥቅም። ስለዚህ ነው ቦሩ «ዝም ብለሽ ትሰጫለሽ?» እያለ ሲቆጣ እኔ ልብሷን ያጣጠፍኩት።

እንዴት ነሽ ብለህ ባትጠይቀኝም ልንገርህ። ባቡሩ ከለገሃር ከወጣ በኋላ እስከ ቀራንዮ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ገብቼ ተኛሁ። እህል አልቀመስኩም፣ ማንንም አላጠብኩም። እማሆይ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ እንጂ ተነሽ አላሉኝም። በማግስቱ ቦሩ ወተቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመና «ታዲያ ልድፋው?» አለኝ። ከኋላው ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ተነሳሁ። አልማዜ ብትሄድ ሁሉ ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። ትናፍቀኛለች፣ ግን አላለቀም። ጧት ጧት ወደ ምሥራቅ ዞሬ ያንኑ ቃል እላለሁ፤ አሁን ማንንም ሳላቅፍ።

አባ ገብረአምላክ ገዳም መሄዳቸውን ትተዋል። «እዚህም ገዳም ነው» ብለው ያልተጠመቁትን ሕፃናት እየሰበሰቡ ያጠምቃሉ። ሴቶቹን እኔ ነኝ የማነሳው። በዚህ ዓይነት ከቀራንዮ እስከ ኮልፌ ለእኔ ባል የሚሆን ሰው አይቀርም፣ ሁሉም አበልጄ ሆኖ ማለቁ ነው። ሳቅክ? ሳቅ እንጂ።

አልማዜ ስትተኛ የሰው ጆሮ ትይዛለች። አትከልክላት፣ ትንሽ ጎንበስ በልላት።

ሰብሌ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለሰብሌ፤

ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ለብቻዬ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትሮጣለች። ወይዘሮ ሸዋገነት «እማዬ በይኝ» ሲሏት ግን «እማዬ ቀራንዮ» ትላቸዋለች። በዓይኗ ስትፈልግሽ ማየት አልቻልኩም። ደግሞ እንዳልሽው ጆሮዬን ይዛ ትተኛለች፤ አንገቴ ተጣሟል።

መስቀል ሰሞን ስመጣ አንድ ቃል አልተናገርኩሽም። ብናገር እንደማለቅስ አውቄ ነው። ያንን ቤት አየሁት። አንዱን ልጅ ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ ጭንቅላቱን ስትቀቢ፣ ሌላው ጀርባሽ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስትስቂ አየሁሽ። አብረን ስናድግ እንኳ እንደዚያ ስትስቂ አላየሁሽም። ያንን እንድትክጂ ነበር የጠየቅኩሽ። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ ምን ልበል።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ካፖው እብድ ነህ አለኝ። ኮልፌ ገበያ አጠገብ የብረት ሥራ አላጣም፤ ለሕፃናቱም ቤት ጣሪያ ያስፈልገዋል። ላግባሽ ብዬ አይደለም የምመጣው፣ ያ ነገር ቆሟል። ልጄ እናቷ በሐዲዱ ወዲያ ጫፍ፣ አባቷ ወዲህ ጫፍ ሆነው እንድታድግ አልፈልግም፤ ይኸው ነው። ለእኔና ለአልማዜ የምትሆን አንዲት ክፍል ፈልጊልን።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ እስክሞት አላነሳውም። ደብዳቤዬ ቀድሞ ደርሶሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትመልሺልኝ ነበር? ፊት ለፊት ልጠይቅሽ ድፍረቱ የለኝም። ሳልመጣ ጻፊልኝ።

ፈቀደ


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለፈቀደ፤

ክፍል አግኝቻለሁ። ከቦሩ በረት ወዲህ ነው፣ ላሞቹ በማለዳ ይቀሰቅሷችኋል። ሕፃናቱ አልማዜ መጣች ወይ እያሉ መንገድ መንገዱን ያያሉ። እማሆይ ሰምተው «እንግዲህ ያ አመለኛ ልጅ ሊመጣ ነው» ብለው መቋሚያቸውን ፈልገዋል።

የጠየቅከኝን አንዴ ልመልስልህ፤ ይህንን ወረቀት አንብበህ እሳት ውስጥ ክተተው።

እሺ እልህ ነበር። ሰይፈዲንን ደጃፉ ላይ አቁሜ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ እዚያው እጽፍልህ ነበር። እወድሃለሁ፣ ፈቀደ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልነግርህም፣ ትኮራለህ። ግን ያ ጠዋት እንደገና ቢመጣ፣ ደብዳቤህ በእጄ ገብቶ፣ እኔም እሺ ብዬህ አድሬ ቢሆን፣ ልጅቷ ያንን ትንፋሽ ብትተነፍስ ታቅፌያት እገባ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ሁለቱንም ይዤ እየኖርኩ ነው፣ አንተም ትችላለህ።

በል አሁን ና። ከአዋሽ ወዲህ ብርድ ነው፤ አልማዜን ደህና አድርገህ አልብሳት።

አበልጅህ ሰብሌ